ሐሙስ የሚባል ከተማ

ሦስተኛው ሐሙስም ባዶውን አለፈ። ሚርታ ሱቤልዲያ ከጠዋት ጀምራ ኮምፒውተሯ ፊት ተጎልታ፣ ማቴ የሚባለውን የቅጠል ሻይዋን ራሷ እየቀዳች ራሷ እየጠጣች፣ ፋይሉ መጣ አልመጣ እያለች ስታይ ዋለች። አልመጣም። ለምን እንዳልመጣ ደግሞ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። የገዛ እጇ ነው። ስልሳ አንድ ዓመት የሆዷን በሆዷ ይዛ የኖረች ሴት፣ ምን እንደነካት እንጃ፣ ያን ነገር ለኦራሲዮ ጻፈችው። እሺ ጻፈችው፤ ዝም ብላ ብታጠፋው ምን ነበረበት? ላከችው!

ነገሩ እንዲገባችሁ ስለ ቋንቋው ትንሽ ልበል። አትፍሩ፣ አላስረዝምም። ኮምፒውተር የሚታዘዝባቸው ቋንቋዎች ብዙ ናቸው። ሰው ለምን ይሄን መረጥክ ሲባል «ፈጣን ስለሆነ፣ ሥራ ስለሚገኝበት» ይላል። ውሸት ነው። ቋንቋ የሚመረጠው እንደ ባል ነው፤ መጀመሪያ ይወደዳል፣ ምክንያቱ በኋላ ይፈለግለታል። ሚርታ በሠላሳ ዓመቷ የወደደችው ስሞልቶክ የሚባለውን ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት አዲስ ቋንቋ መጣ፣ ስንት ሰው ለመናት፤ እሷ ግን ወይ ፍንክች!

በሌሎቹ ቋንቋዎች ትእዛዝህን እንደ ደብዳቤ ጽፈህ ለማሽኑ ትሰጠዋለህ፤ ያነባል፣ ይፈጽማል፣ አለቀ። ስሞልቶክ እንዲህ አይደለም። የምትሠራውን ነገር በሕይወት እያለ ነው የምትነካካው። ሲደክምህ ሁሉንም ባለበት ታቆመዋለህ፤ የተከፈተው መስኮት እንደተከፈተ፣ የተጀመረው ዐረፍተ ነገር እንደተጀመረ። ይሄ ባለበት የቆመ ነገር «ምስል» ይባላል። ነገ ሌላ ሰው ምስሉን ቢከፍተው፣ አንተ ከተነሳህበት ወንበር ላይ ሳይቀዘቅዝ እንደመቀመጥ ነው።

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ ይሄን ቋንቋ የወደዱ አሥራ አንድ ሰዎች ቦነስ አይረስ ውስጥ ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ በኋላ ይገናኙ ነበር። ማቴ በአንድ ጽዋ ተራ በተራ እንደሚዞር ሁሉ፣ አንድ ምስል ተራ በተራ መቀባበል ጀመሩ። ምስሉ ውስጥ አንዲት ትንሽ ከተማ ነበረች፤ ጣራ፣ መንገድ፣ ባቡር፣ ወዲያ ወዲህ የሚሉ ሰዎች። ስሟንም ሐሙስ አሏት። ተራ የደረሰው ሰው ሳምንቱን ሙሉ ደስ ያለውን ይጨምርባትና ሐሙስ ሲሆን ለሚቀጥለው ያስረክባል። አንዱ ውሻ ሲጨምር ሌላው ውሻውን የሚፈራ ፖስተኛ ይጨምራል፤ ሦስተኛው መጥቶ ፖስተኛው ለውሻው አጥንት በኪሱ እንዲይዝ ያደርገዋል። እንዲህ እንዲህ እያሉ ሠላሳ ዓመት።

ከዚያማ ያው እንደምታውቁት ነው። ሁለቱ የአገሩ ኢኮኖሚ በወደቀበት በችግሩ ዓመት ስፔን ገቡ። ሦስቱ ጃቫ የሚባለውን ይዘው ባንክ ተቀጠሩ። አንዱ «ልጆቼ የሚበሉት ዳቦ እንጂ ስሞልቶክ አይደለም» ብሎ ተሰናበተ። ሁለቱን ሞት ወሰዳቸው። አንዷ ተቀየመች፤ በምን እንደተቀየመች ዛሬ የሚያስታውስ የለም። ሚርታና ኦራሲዮ ፌራጉት ብቻ ቀሩ።

ይሄ ኦራሲዮ የባቡር መሥሪያ ቤት ሰው ነበር፤ አሁን ሰባ ዓመት አልፎታል፣ ጡረታ ወጥቶ ከከተማው ወጣ ብሎ ቴምፐርሊ ከሚባለው ሰፈር ቤቱ ተቀምጧል። ጎበዝ ነው፣ አይካድም። ግን ደረቅ ነው። ሐሙስ ከተማ ላይ የሚጨምረው የባቡር ሰዓት ነው፤ ተሳፋሪው ከፋው ደስ አለው ጉዳዩ አይደለም። ለሚሠራው ነገር ስም ሲያወጣ እንኳን አንድ ፊደል ይበቃዋል። ሰውን «ሰ» ይለዋል፣ ባቡርን «ባ» ይለዋል። «አንተ ሰውዬ፣ ፊደል በራሽን ነው እንዴ የሚሰጡህ?» ትለው ነበር ሚርታ። ወረርሽኙ መጥቶ በአካል መገናኘቱ ከቀረ በኋላ ምስሉ በኢንተርኔት መመላለስ ጀመረ። ስልክ ማውራት እሱም አይወድ፣ እሷም አትወድ።

ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን ሰውየው ተለወጠ። አንድ ሐሙስ ምስሉን ስትከፍት ገና ያላለቀ መንገድ አገኘች፤ ስሙ «ተቆርጦ ያልተሰፋ መንገድ» ይላል። ኦራሲዮ! ያ የፊደል ንፉግ! ሚርታ ሳቀች፣ «እርጅና አለሰለሰው» አለች። ቀጥሎ በነበረው ሳምንት ለነገሩ ያህል ከተማዋ ላይ ዝናብ አወረደችባት። ምስሉ ሲመለስ ዝናቡ ሲጀምር የሐሙስ ሴቶች በየግቢያቸው ሮጠው የታጠበ ልብስ ከገመድ ላይ ሲያወርዱ አየች። አንዷ እጇ ሞልቶባት ግራ ሲገባት የጎረቤቷ ሴትዮ አጥር ዘላ ታወርድላታለች። ሚርታ ኩሽናዋ ውስጥ ብቻዋን እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እሷም በተራዋ ልብሱን የሚያወርድለት ሰው የሌለው አንድ ብቸኛ ሰው ጨመረች፤ ምንም አላለችም፣ እንዲሁ ጨመረችው። በሳምንቱ ከፈተችው። ሴትዮዋ የሰውየውን በር አንኳኩታ «የእርስዎንም አስገብቼዋለሁ፣ ደርቋል» ትለዋለች።

ሚርታ ያን ቀን ኮምፒውተሩን ዘግታ ረጅም ሰዓት ተቀመጠች። በስልሳ ዓመቷ አንድ ሰው ሳትነግረው የሰማት ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ በኋላማ ጉድ ፈላ። ሐሙስ ሐሙስ ከንፈሯን መቀባት ጀመረች፤ ማን ሊያያት! ረቡዕ ረቡዕ እንቅልፍ እምቢ ይላታል። አልፎ አልፎ ኅሊናዋ ይወቅሳታል፤ ምክንያቱም ኦራሲዮ ዴልያ የምትባል ሚስት አለችው። ዴልያ ልብስ ሰፊ ናት፤ የተማሪ ነጭ ጋውን ስትሰፋ ነው ዕድሜዋ ያለቀው። ድሮ ሰዎቹ እነሱ ቤት ሲሰበሰቡ ትሪውን ታስቀምጥና ወደ ስፌት ማሽኗ ትመለሳለች። ሚርታ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከሴትዮዋ ጋር ሃያ ቃል ብትለዋወጥ ነው። «ምስኪን፣ ከጨርቅ ሌላ አታውቅም» ትል ነበር በሆዷ፤ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ንቃታለች።

ከአንድ ወር በፊት ነው እንግዲህ ምስሉ ውስጥ አንድ መስኮት ከፍታ የጻፈችው፦ «ኦራሲዮ፣ በእነዚህ ሁለት ዓመታት ያወቅሁህን ያህል በሠላሳ ዓመት አላወቅሁህም። እንዲህ መሆንህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ብቻዬን አልቀርም ነበር። ምንም እንድታደርግ አልፈልግም። አንድ መልስ ብቻ ስጠኝ።» መስኮቱን እንደተከፈተ ትታ ምስሉን ላከች። ይኸው ሦስት ሐሙስ፣ ዝም። አንድ ጊዜ ብቻ «ትንሽ ታገሺኝ» የሚል አጭር መልእክት መጣላት፤ ከዚያ ወዲያ ድምፅ የለም።

ቅዳሜ የወንድሟ ልጅ ፋኩንዶ መጣ። ፋኩንዶ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፣ አንድ ድርጅት ውስጥ ፓይተን በሚባለው ቋንቋ ይሠራል። አክስቱን ከልቡ ይወዳታል፤ ግን አፉ አያርፍም።

«አክስቴ፣ ፊትሽ ምን ሆኗል? አሁንም ከዚያ ሽማግሌ ጋር አሻንጉሊት ከተማ እየሠራችሁ ነው?»

«አንተ ምን አገባህ?»

«ተናደድሽ እንዴ? ስሚኝ፣ የሥራ ቦታ አለ። ፓይተኑን ሁለት ወር ብትይዢ አስገባሻለሁ። ሰው ታገኛለሽ፣ ትስቂያለሽ፣ ትጣያለሽ…»

«አንድ ወር ሞክሬዋለሁ።»

«እና?»

«መስመር መጀመሪያ ላይ ስንት ባዶ ቦታ እንደተውኩ ይቆጥርብኛል! የሚስዮን ትምህርት ቤት መነኩሲት ናት እንጂ ቋንቋ ነው? እኔ የማናግረው ሰው እንጂ የሚፈትሸኝ ዘበኛ አልፈልግም።»

ፋኩንዶ ሳቀ። «ያንቺ ቋንቋ እኮ ሁለት ተናጋሪ ነው ያለው አክስቴ። ሁለት!»

«ሁለት ይበቃል። አንዱ ይናገራል፣ አንዱ ይሰማል።»

«አንደኛው ዝም ያለ ቀንስ?»

ልጁ ሊቀልድ ነው፤ ክፋት የለውም። ሚርታ ግን ተነስታ ውኃ ልትጥድ ሄደችና ምድጃው ፊት ጀርባዋን ሰጥታው ቆማ ቀረች። እሱም ነገሩ ገባውና ትከሻዋን ሳም አድርጎ ወጣ።

አራተኛው ሐሙስ ሲመጣ ሚርታ አልጠበቀችም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል፤ ከመፍራት ሄዶ ማየት ይሻላል አለች። ደኅናውን ካፖርቷን ለበሰች። ከንፈሯን ተቀብታ፣ መስታወት ላይ ራሷን አይታ፣ መልሳ ጠረገችው። ከዳቦ ቤቱ ፋክቱራ የሚባለውን ጣፋጭ ዳቦ ስድስት በወረቀት አስጠቅልላ፣ ከኮንስቲቱሲዮን ጣቢያ ባቡር ተሳፈረች። መንገዱን ሁሉ ምን እንደምትል ስታጠና ሄደች። «ይቅርታ፣ እንደሱ ማለቴ አልነበረም» ልበል? ነበር እኮ! «እርሳው፣ ዝም ብለን ከተማችንን እንሥራ» ልበል? አዎ፣ እንደዚያ ይሻላል። መልሱም ቢቀር ይቅር፤ ሐሙስ ብቻ አትቅርባት። ሌላ ምን አላትና!

በሩን የከፈተችው ዴልያ ናት። ፀጉሯ ፍጹም ነጭ ሆኗል፤ የመለኪያ ሜትሯ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። አልደነገጠችም።

«መጣሽ» አለች። «ትመጫለሽ ብዬ ነበር። ግቢ።»

«ኦራሲዮ አለ?»

ዴልያ መልስ ሳትሰጥ ቀደመቻትና ወደ ጓሮ አወጣቻት። ኦራሲዮ፣ በዚያ አገር ብርድ በሚገባበት በግንቦት፣ ፀሐይ ላይ ብርድ ልብስ ጭኑ ላይ ጣል ተደርጎለት መንደሪን ይልጣል። ይልጥና አይበላውም፤ ሳህኑ ላይ ይደረድረዋል። ቀና ብሎ ሚርታን አያትና በትሕትና ፈገግ አለ።

«ዶክተሯ መጡ» አለ።

«አንተ! ምን ትቀልዳለህ? እኔ ነኝ እኮ፣ ሚርታ!»

ዴልያ እጇን ይዛ ልታስቆማት ሞከረች፤ ረፍዶ ነበር። የሰውየው ፊት ተለዋወጠ። ሳህኑን ገፍቶ ብድግ አለ፣ መንደሪኑ መሬት ለመሬት ተንከባለለ።

«ሚርታ? ዛሬ ሐሙስ ነው እንዴ? ምስሉን አልላክሁም! ዴልያ፣ ሚርታ እየጠበቀችኝ ነው!»

እየተንገዳገደ ወደ ውስጥ ገባ። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ፣ ጣቶቹን የፊደል ሰሌዳው ላይ አሳረፈ። ከዚያ ምንም። ስክሪኑን አየ፣ ጣቶቹን አየ፣ ደግሞ ስክሪኑን አየ። ማሽኑ እንዳልበራ እንኳን አላስተዋለም። ትከሻው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ዴልያ ከኋላው አቅፋ ጉንጯን አናቱ ላይ አደረገች።

«ልከኸዋል የኔ ጌታ። ትናንት ልከኸዋል። ሚርታ ደርሷታል፣ ደስ ብሏታል። ና፣ መንደሪንህን እንልቀም።»

ሚርታ የፋክቱራውን ጥቅል እንደያዘች ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር። ግድግዳውን ተደግፋ ኩሽና ገባችና ያገኘችው ወንበር ላይ ዘጭ አለች። ዴልያ ሰውየውን አረጋግታ ስትመለስ እዚያው አገኘቻት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች ሚርታ።

«ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው። ሰው እንዲያውቅበት አይፈልግም ነበር። በተለይ አንቺ።»

«ሦስት ዓመት? ታዲያ… ዝናቡ… ልብሱ… ያን ሁሉ ማን ነው የሚጽፍልኝ የነበረው?»

ዴልያ እጇን በሽርጧ ጠረገች። «እኔ ነኛ።»

ሚርታ መጀመሪያ የተሰማት ኀዘን አልነበረም፤ ንዴት ነው። ደሟ ፈላ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ስታሾፊብኝ ከረምሽ በይኛ!»

«ማሾፍ?» ዴልያም ድምጿ ከፍ አለ። «ነይ የኔን ቤት ኑሪና ማሾፍ ያምርሽ እንደሆነ እንይ! ሐሙስ በመጣ ቁጥር እዚያ ማሽን ፊት ተቀምጦ ያለቅሳል። አሁን እንዳየሽው። ጠዋት ሲነሳ የልጁን ስም አያውቅም፣ ሚርታ እየጠበቀች ነው የሚለውን ግን አይረሳም። ምን ላድርግ? ‹በል አንተ ንገረኝ፣ እኔ ልጻፍልህ› አልኩት። እሱ ይላል፣ እኔ እጽፋለሁ። እያደር የሚለው እያነሰ መጣ፤ የጎደለውን እኔ መሙላት ጀመርኩ። አንድ ቀን ቀና ብዬ ሳይ፣ እሱ ተኝቷል፣ ሁሉንም የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«ማን አስተማረሽ? ይሄ ዝም ብሎ የሚያዝ ቋንቋ አይደለም!»

«ማንም። እየተረተርኩ አየሁታ። ልብስ ስፌት የተማርኩት እንዴት መሰለሽ? የሰው ኮት እየተረተርኩ፣ እንዴት እንደተያያዘ እያየሁ መልሼ እየሰፋሁ ነው። የናንተ ከተማም ስፌቱ አይደበቅም፤ የትኛውንም ነገር ከፍቶ ውስጡን ማየት ይቻላል። ስሙ ነው እንጂ የገደለኝ! ‹ሰ›፣ ‹ባ›፣ ‹ተ›… ባሌ ባይሆን ኖሮ እሰድበው ነበር።»

ሚርታ ሳታስበው ሳቅ አመለጣት። ዴልያም ሳቀች። ያችው ናት! ያ ሳቅ፣ ያ ነገር አያያዝ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ሐሙስ ሐሙስ ስታወራው የከረመችው ሰው ይኸው ፊት ለፊቷ ሽርጥ ታጥቆ ቆሟል።

«ወደድሽው አይደል?» አለች ሚርታ ፈጥና። «ቋንቋውን። እንደዚያ የሚጽፍ ሰው ካልወደደ አይጽፍም።»

ዴልያ አሰብ አደረገች። ለሰው ብላ የማትዋሽ ሴት ናት። «አልወደድኩትም» አለች። «ምን ላድርግሽ፣ ምርጫዬ አይደለም። ስነሳ ያው ነው፣ ስመለስም ያው ነው፤ ሁሉም ነገር ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። እኔ ማታ ጨርቄን አጥፌ መሳቢያ ከትቼ የምተኛ ሰው ነኝ። እሱን ወድጄ ነው የተማርኩት። አንቺንም ኋላ ኋላ።»

ይሄ «አንቺንም» የሚለው ቃል ሚርታን አንጀቷ ውስጥ ገባ። ግን የመጣችበት ጉዳይ አለ። «ታዲያ ለምን ተውሽው?»

«የጻፍሽውን አነበብኩታ» አለች ዴልያ ቀስ ብላ።

ሚርታ ወለሉን አየች። ቢከፈትላት ትገባበት ነበር።

«ሦስት ሳምንት ተናደድኩ» ቀጠለች ዴልያ። «ግን በማን ልናደድ? ባሌን ነው የወደደችው እንዳልል፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እኔን ነው እንዳልል፣ የጠራሽው እሱን ነው። በማን ልቅና እስቲ?»

«አላውቅም» አለች ሚርታ። «እኔም አሁን አላውቅም። ነገሩ የጀመረኝ ሴትዮዋ በር አንኳኩታ ‹ደርቋል› ያለች ቀን ነው። ያን የጻፈው ማንም ይሁን፣ የወደድኩት ያን ሰው ነው።» ቀና ብላ አየቻት። «ዴልያ፣ በራስሽ ስም ጻፊልኝ። አሁን ሁሉን አውቄያለሁ፣ መደባበቅ የለም። ከተማዋን እኔና አንቺ እንቀጥል። በቋንቋው ካልተመቸሽ ግዴለም፣ ባሻሽ ቋንቋ። ፓይተንም ቢሆን እማራለሁ። እባክሽ።»

እባክሽ የሚለውን ቃል ሚርታ ስንት ዓመቷ ከተናገረችው! ፓይተንን በገዛ አፏ መጥራቷን ደግሞ ፋኩንዶ ቢሰማ ከወንበር ይወድቅ ነበር።

ዴልያ ማንቆርቆሪያውን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠችው።

«አልችልም ሚርታ። አየሽ፣ እዚህ ማንኪያ ማንሳት አቅቶታል። ሱሪውን እኔ ነኝ የማስርለት። እዚያ ውስጥ ግን ደኅና ነበር። ሐሙስ ሲመጣ ይቀልዳል፣ ያስባል፣ ለጎረቤት ያዝናል። እንዲያውም» ፈገግ አለች፣ ዓይኗ ግን ሞላ፣ «ሴት ወደደችው። አንቺ ስለማታውቂ ነበር እዚያ ደኅና የነበረው። አሁን አወቅሽ። አሁን እዚያም ታመመብኝ።»

ከጓሮው ኦራሲዮ ለራሱ ሲያንጎራጉር ይሰማል።

ከዚያ የሆነው ነገር የበለጠ ይገርማል። ሁለቱ ሴቶች እንደ ሰው ለመጨዋወት ሞከሩ። ዴልያ ማቴ ቀዳች፣ ሚርታ ፋክቱራውን ፈታች። ብርዱ ዘንድሮ ቀደም ብሎ መግባቱን ተነጋገሩ። ባቡሩ ላንኡስ ጣቢያ ላይ ሃያ ደቂቃ መቆሙን ሚርታ ነገረቻት። «አይ ይሄ ባቡር» አለች ዴልያ። ክሬም ያለበት ፋክቱራ ይጣፍጣል፣ የቱ ዳቦ ቤት ነው ተባለ፤ ስሙ ተነገረ። ከዚያ አለቀ። ሁለቱም የሚቀጥለውን ቃል ፈለጉ፤ አልተገኘም። እዚያ ከተማ ውስጥ አንዷ ዝናብ ስታዘንብ ሌላዋ ሮጣ ልብስ የምታወርድላት ሴቶች፣ እዚህ ኩሽና ውስጥ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የሚባባሉትን አጥተው ጽዋውን ይቀባበላሉ። ሚርታ ሰዓቷን አየች።

በር ላይ ዴልያ ትንሽ ፍላሽ መዳፏ ውስጥ አስቀመጠችላት። «ምስሉ ነው። ያንቺ ተራ ነው በይው።»

«ሐሙስ ሐሙስ ስልክ ልደውልልሽ?» አለች ሚርታ።

«ደውዪ» አለች ዴልያ። «ለምን አትደውዪም።» ተሳሳሙ፤ ጉንጭ ለጉንጭ፣ አንድ ጊዜ።

ሚርታ ቤቷ ስትደርስ ካፖርቷን ሳታወልቅ ምስሉን ከፈተችው። ሐሙስ ከተማ ባለችበት ናት፤ ፖስተኛው ለውሻው አጥንት ይሰጣል፣ ባቡሩ በሰዓቱ ይገባል። የእሷ መስኮት እንደተወችው ተከፍቷል። ከጻፈችው ሥር ዴልያ መልስ ልትሰጥ ጀምራ ነበር። «ሚርታ፣» ይላል። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ሚርታ ያችን አንዲት ቃል ብዙ ጊዜ አነበበቻት። የፊደል ሰሌዳውን ነክታ ልትቀጥልላት አልደፈረችም፤ ልታጠፋትም አልሆነላትም። ሳታስቀምጥ ዘጋችው።

ሳምንቱን ሙሉ ለሐሙስ የምታወራውን ስታጠራቅም ሰነበተች። የፋኩንዶን ነገር እነግራታለሁ፣ የታችኛው ፎቅ ሴትዮ ከቧንቧ ሠራተኛው ጋር የተጣላችውን እነግራታለሁ፣ ይሄ ያስቃታል እያለች። ወረቀት ላይ ሁሉ ጻፈችው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በአሥር ሰዓት ደወለች።

«እንዴት ነሽ ዴልያ?»

«ደኅና። አንቺስ?»

«ደኅና ነኝ። እሱስ?»

«ያው ነው። እያበላሁት ነው።»

የቧንቧ ሠራተኛውን ነገረቻት። ዴልያ «ውይ» አለች፤ አልሳቀችም። የሹካና የሳህን ድምፅ ይሰማል። ሚርታ ወረቀቷን አየች፤ የፋኩንዶ ነገር ቀርቷል፤ ድንገት ምኑ እንደሚያስቅ ጠፋባት። ያኔ የኦራሲዮ ድምፅ መጣ፣ ቅርብ ነው፣ ስልኩ አጠገብ።

«ማን ነው?» አለ። «ዴልያ፣ ማን ነው የደወለው?»

ሚርታ የዴልያን ትንፋሽ ትሰማለች። ስሟ ከተጠራ ሰውየው ምን እንደሚሆን ሁለቱም ያውቃሉ። ሚርታም የስልኩን እጀታ ጨብጣ፣ አትጥሪኝ፣ አትጥሪኝ ትላለች በልቧ፤ ደግሞ በዚያው ልቧ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ጥሪኝ ትላለች።

«ማንም አይደለም የኔ ጌታ» አለች ዴልያ። «ማንም አይደለም። ብላ።»

«ልክ ነሽ» አለች ሚርታ፤ «ልክ ነሽ፣ ይብላ»፤ ስልኩንም ዘጋችው።